አንደኛ የወጣው ሻምፒዮን አይደለም፦ ስለ አይስ ሆኪ የውድድር ዘመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እግር ኳስ እያየ ያደገ ሰው የአይስ ሆኪን ደረጃ ሰንጠረዥ ሲያይ ወዲያው የገባው ይመስለዋል። ቡድን አለ፣ ነጥብ አለ፣ አንደኛ አለ፣ መጨረሻ አለ። ሌላ ምን ይፈለጋል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁበት። ሁለት ወር ያህል ሰንጠረዡን በስህተት ሳነብ ቆየሁ። ይባስ ብሎ በዚያው ስህተት ከሰው ጋር ተከራክሬያለሁ።

የማወራው ስለ ሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ስለ ኤንኤችኤል ነው። ዛሬ 32 ቡድኖች አሉት፤ 25ቱ የአሜሪካ፣ 7ቱ የካናዳ። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ የምመለሰው ወደ ሴንት ሉዊስ ብሉስ የ2018-19 የውድድር ዘመን ነው። ከእግር ኳስ ይዘናቸው ከምንመጣቸው ግምቶች ብዙዎቹ በዚያ አንድ ዓመት ተሰባብረዋል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰንጠረዡን የመራ ዋንጫ ይወስዳል»

በእግር ኳስ ሊግ እውነት ነው። እዚህ አይሠራም። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል የሚቆየው መደበኛ ውድድር በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ ቡድን 82 ጨዋታ ነበረው፤ 41 በሜዳው፣ 41 ከሜዳው ውጪ። ያ ሁሉ ልፋት ግን የመግቢያ ትኬት ለመቁረጥ ነው። 16 ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ከዚያ ሁለት ቡድኖች እስከ 7 ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ 4 ያሸነፈ ያልፋል። እንዲህ ያለ 4 ዙር አለ። የስታንሊ ዋንጫን ለማንሳት እንግዲህ 16 ድል ያስፈልጋል፤ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል። በ82 ጨዋታ የለቀምከው ነጥብ አብሮህ አይሻገርም።

አንደኛ ለወጣው ቡድንም ሽልማት አለ። የፕሬዚዳንቶች ዋንጫ ይባላል። እሱን ይዞ አደባባይ ወጥቶ የጨፈረ ቡድን ግን አላየሁም።

በዚያው በ2018-19 ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ 62 ጨዋታ አሸንፎ 128 ነጥብ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 ጠርጎ አስወጣው። ይህ አጋጣሚ ነው ካላችሁ ቦስተን ብሩይንስ አለላችሁ። በ2022-23 65 ድልና 135 ነጥብ አስመዘገበ። ሁለቱም በሊጉ ታሪክ ተወዳዳሪ የላቸውም። የገጠመው ፍሎሪዳ ፓንተርስ ደግሞ ከሊጉ ሁለት ክፍሎች በምሥራቁ በኩል የመጨረሻዋን ቦታ ይዞ የገባ ነበር። ቦስተን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 መራ። ከዚያ 3 ጨዋታ ተከታትሎ ተሸነፈና ወደ ቤቱ ሄደ።

ታዲያ አንደኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? ሰባተኛ ጨዋታ ካስፈለገ በሜዳህ ይደረጋል። በቃ። ቦስተን ያንን ሰባተኛ ጨዋታ የተሸነፈው እዚያው ሜዳው ላይ ነው።

ለእኔ ምስጢሩ ያለው ግብ ጠባቂው ጋ ነው። በእግር ኳስ ግብ ጠባቂ በአንድ ጨዋታ ሦስት አራት ሙከራ ካዳነ ብዙ ነው። በሆኪ 30 ገደማ ይመጣበታል። ለሁለት ሳምንት እጁ የቀናለት ግብ ጠባቂ የስድስት ወሩን ልዩነት እንዳልነበረ ያደርገዋል።

«ጃንዋሪ ላይ ጭራ የሆነ ቡድን አብቅቶለታል»

የብሉስ ታሪክ እዚህ ጋ ይመጣል። ኖቬምበር 2018 ላይ አሰልጣኙ ማይክ ዮ ተባረሩ፤ ምክትላቸው ክሬግ ቤሩቢ በጊዜያዊነት ተረከቡ። ዲሴምበር ላይ ሁለት የቡድኑ ተጫዋቾች ልምምድ ላይ እርስ በርስ ተደባደቡ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ጠዋት ብሉስ በ37 ጨዋታ 34 ነጥብ ይዞ ነበር። ያኔ ሊጉ 31 ቡድን ነበረው። ብሉስ 31ኛ።

ከአራት ቀን በኋላ ዓመቱን በታችኛው ሊግ የጀመረው ጆርዳን ቢኒንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጅምሩ ተሰልፎ ግብ ጠበቀ። ፊላዴልፊያን 3 ለ 0 አሸነፉ። ከጃንዋሪ 23 እስከ ፌብሩዋሪ 19 ደግሞ 11 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ።

ተአምር ነው ማለት ይቀላል። ግን ሂሳቡን ሥሩት። ከ37 ጨዋታ በኋላ ገና 45 ይቀራል፤ 90 ነጥብ ሜዳ ላይ አለ ማለት ነው። ብሉስ ከዚያ ውስጥ 65ቱን ወሰደና በ99 ነጥብ ጨረሰ፤ በምድቡ ሦስተኛ። መሪውን መድረስ አላስፈለገውም። 16ቱ ውስጥ መግባት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ጁን 12 ቀን ቦስተን ላይ ሰባተኛውን የፍጻሜ ጨዋታ 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ክለቡ መጫወት የጀመረው በ1967 ነው፤ ከዚያ በፊት ዋንጫውን አንስቶት አያውቅም።

«ሦስተኛው ቁጥር አቻ ነው»

የተከራከርኩት በዚህ ነበር፤ አሁንም አፍራለሁ። የብሉስ የዚያ ዓመት ውጤት 45-28-9 ተብሎ ይጻፋል። የእግር ኳስ ሰው 45 አሸነፈ፣ 28 ተሸነፈ፣ 9 አቻ ወጣ ብሎ ያነባል። በኤንኤችኤል ግን ከ2005-06 ወዲህ አቻ የሚባል ነገር የለም። 9ኙም ሽንፈቶች ናቸው። በመደበኛው 60 ደቂቃ ሳይሆን በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የመጡ ሽንፈቶች። ብሉስ በጠቅላላው የተሸነፈው 37 ጊዜ ነው።

ለምን ይለያሉ? ነጥብ ስላላቸው ነው። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል፣ በ60 ደቂቃ የተሸነፈ ምንም፣ በተጨማሪ ሰዓት የተሸነፈ ግን 1። 45 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር 9፣ 99 ይሆናል። ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ60 ደቂቃ ያለቀ ጨዋታ 2 ነጥብ ያከፋፍላል፤ ተጨማሪ ሰዓት የገባው 3። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ቡድኖች ድንገት ጨዋ ሲሆኑ ብታዩ አትገረሙ። ሁለቱም አንዳንድ ነጥብ ኪሳቸው ሊገባ ነው። ይህን ደንብ አልወደውም። ቡድኖች ሁሉ ከእውነቱ ትንሽ አምረው እንዲታዩ ያደርጋል።

በመደበኛው ውድድር ተጨማሪ ሰዓቱ 5 ደቂቃ ነው፤ ከግብ ጠባቂዎቹ ሌላ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ ካልተለያዩ መለያ ምት ይከተላል። በጥሎ ማለፉ መለያ ምት የሚባል የለም። አምስት ለአምስት፣ 20 ደቂቃ፣ ግብ ካልገባ ሌላ 20 ደቂቃ፣ እስኪገባ ድረስ። በ1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ ስድስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ድረስ 0 ለ 0 ሄደዋል። ዲትሮይት ግቧን ያገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነው። ብሉስም በ2019 ዳላስን የጣለው በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነበር። ያገባው ፓት ማሩን የዚያችው የሴንት ሉዊስ ልጅ ነው።

«መጨረሻ የወጣ ይወርዳል»

መውረድ የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው አለ። ቡድን ከተማ ሲለቅ ነው የሚታየው፤ በ2024 የአሪዞና ተጫዋቾች በሙሉ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛወሩ። አዲስ ቡድንም ከታች አድጎ አይመጣም፤ ከፍሎ ይገባል። ቬጋስ ጎልደን ናይትስ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2017 ገባና በመጀመሪያው ዓመቱ ፍጻሜ ደረሰ።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ስህተት አላቸው። በየዓመቱ ወደ ሊጉ ከሚገቡት አዳዲስ ወጣቶች የመጀመሪያውን የሚመርጠው መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው ይላሉ። የግድ አይደለም፤ ዕጣ ይወጣል። መጨረሻ የወጣው የማግኘት ዕድሉ ሩብ ገደማ ብቻ ነው። በ2023 አናሃይም መጨረሻ ወጥቶ በመጀመሪያ የተመረጠውን ወጣት ኮነር ቤዳርድን የወሰደው ከታች ሦስተኛ የነበረው ቺካጎ ነው። ዕጣው የተፈለገው ማንም ሆን ብሎ እንዳይሸነፍ ነው።

«ኮከቡ ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል»

ኮከብ አጥቂ ከ60ው ደቂቃ 20 ገደማውን ነው በረዶው ላይ የሚያሳልፈው። 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይሉ ይሮጥና ወደ ወንበር ይመለሳል፤ ሌላው ጨዋታው ሳይቆም ይገባል። ስለዚህ መቀየር እንደ እግር ኳሱ ቅሬታ የለውም። ለጨዋታ የሚለብሱት 20 ናቸው፤ 18 ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ።

ሁለቱም ግብ ጠባቂ ቢጎዳስ? ሆኗል። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ቶሮንቶ ላይ የካሮላይና ሁለት ግብ ጠባቂዎች ተጎዱ። ለእንዲህ ያለው ቀን ስታዲየም የሚቀመጠው ተጠባባቂ ዴቪድ ኤርስ የ42 ዓመት ሰው ነበር፤ በረዶ የሚያለሰልሰውን መኪና የሚነዳ ሠራተኛ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ገቡበት። ቀጣዮቹን 8 አዳነ። ካሮላይና 6 ለ 3 አሸነፈ።

«መደባደብ ይፈቀዳል»

አይፈቀድም፤ 5 ደቂቃ ያስቀምጣል። ቀይ ካርድ የለመደ ሰው ቅጣቱ ቀላል ስለሚመስለው ፈቃድ አድርጎ ያየዋል። ጨዋታውን በእውነት የሚቀይረው ግን ማንም የማያወራለት የ2 ደቂቃው ትንሽ ጥፋት ነው። ያጠፋው ወጥቶ ቡድኑ ከግብ ጠባቂው ሌላ በአራት ሰው ይቀራል። ተጋጣሚው ካገባበት ቅጣቱ ያበቃል። እስከ 1956 ድረስ አያበቃም ነበር፤ ሞንትሪያል ካናዲየንስ በአንድ ቅጣት ሁለት ሦስት ግብ እያስቆጠረ ስላስቸገረ ደንቡ ተቀየረ።

«የብርድ አገር ጨዋታ ነው»

ከ2020 እስከ 2025 ከተነሱት 6 ዋንጫዎች 4ቱ ፍሎሪዳ ግዛት ገብተዋል። አንዱ የሄደው ወደ ላስ ቬጋስ በረሃ ነው። የካናዳ ቡድን ከ1993ቱ ሞንትሪያል ካናዲየንስ በኋላ እስከ 2025 ድረስ አላነሳውም። በረዶውን የሚሠራው የውጪው አየር ሳይሆን ከወለሉ ሥር በቱቦ የሚዞረው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ነው። እንዲያውም ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቅርጫት ኳስ ስታዩ በረዶው እዚያው ከእንጨቱ ወለል በታች ተሸፍኖ ተኝቷል።

«ትልቁ ክፍያ በጥሎ ማለፉ ነው»

ተቃራኒው ነው። ደሞዝ የሚከፈለው በመደበኛው ውድድር ወራት ነው። በጥሎ ማለፉ ተጫዋቹ የሚደርሰው ሊጉ ከሚመድበው የሽልማት ገንዘብ ድርሻ ነው፤ ለኮከቦቹ ከደሞዛቸው ጋር አይወዳደርም።

«ዋንጫው በየዓመቱ አዲስ ይሠራል»

ያው አንዱ ነው የሚዞረው። መነሻው በ1892 የካናዳ አገረ ገዥ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ ያበረከቱት ዋንጫ ነው፤ የሚዞረው ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ15 ኪሎ በላይ። ያሸናፊዎቹ ስም ይቀረጽበታል። ቦታ ሲሞላ የጥንቱ ቀለበት ይወልቅና ቶሮንቶ ሙዚየም ይገባል። እያንዳንዱ አሸናፊ ተጫዋች ለአንድ ቀን ወደ ፈለገበት ይወስደዋል።

በየዓመቱ ይሰጣል ማለትም ስህተት ነው። በ1919 ፍጻሜው በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ምክንያት ሳያልቅ ተቋረጠ። በ2004-05 ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በደሞዝ ጣሪያ አልተስማሙምና ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ። ዋንጫው ላይ የዚያን ዓመት ቦታ ብትፈልጉ የቡድን ስም አታገኙም። የውድድር ዘመኑ እንዳልተካሄደ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ተቀርጿል።