ሚስማር የቆረጠ ገጀራ ሁሉ ጥሩ ገጀራ አይደለም

ገጀራ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ስለቱን በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ከዚያ «እስቲ ሚስማር ቁረጥበት» ይላል። ሁለቱም ፈተናዎች ስለ ብረቱ የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ እንጨት ለመቁረጥ ስለሚያገለግል ትልቅ ቢላ ነው፦ ስለቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር።

«ሚስማር ከቆረጠ ብረቱ ጥሩ ነው።» ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስንት ደህና ስለት ያበላሸውም እሱ ነው። ተራ ሚስማር ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ ለስላሳ ብረት ይሠራል። በእሳት ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ ስለት፣ አሠራሩ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ ከሚስማር ይጠነክራል። ስለዚህ ሚስማሩ ተቆረጠ ማለት ስለቱ ከለስላሳ ብረት ጠነከረ ማለት ብቻ ነው። ጠንክሮ ነገር ግን ሳይለዝብ የቀረ ብረት (ማለትም ከተነከረ በኋላ ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ያልሞቀ) ሚስማሩን ያለ ችግር ይቆርጣል፤ በማግስቱ የደረቀ ወይራ አንጓ ሲገጥመው ይሸረፋል። በዚያ ላይ ፈተናው የሚያበላልጠው በብረቱ ጥራት ሳይሆን በስለቱ ውፍረት ነው። በየጎኑ 25 ዲግሪ የተሳለ ደንዳና ስለት ይተርፋል፤ ከተሻለ ብረት ተሠርቶ 15 ዲግሪ የተሳለው ይሸረፋል። በድንጋይ መፈተንማ ጭራሽ ትርጉም የለውም። አሸዋና ብዙ ድንጋይ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከማንኛውም የቢላ ብረት ስለሚጠነክር የሚያልፍ ገጀራ የለም።

የስለቱን ጥንካሬ ማወቅ ከፈለጋችሁ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናስ ዘንግ ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ በአግድም እሰሩ። ገጀራውን በደንብ ከሳላችሁ በኋላ ስለቱን ዘንጉ ላይ በተሳለበት ማዕዘን አስተኙትና የስለቱ ጠርዝ ሲጎብጥ እስኪታያችሁ ድረስ ተጫኑ፤ እየተጫናችሁም ከእጀታው ወደ ጫፉ ሳቡት። ጎብጦ ከተመለሰ ብረቱ በትክክል ጠንክሯል፣ በትክክልም ለዝቧል። ጎብጦ ከቀረ ለስላሳ ነው። ከተሸረፈ ሳይለዝብ ቀርቷል። ስለቱ በጣም ወፍራም ከሆነ ግን ምንም አይጎብጥም፤ ያኔ ፈተናው አልተሠራም እንጂ ታልፏል አይባልም።

ቀጥሎ እንጨት ነው። በመጀመሪያ ግን ሳሉት። «ከፋብሪካ እንደመጣ መፈተን አለበት» የሚሉ አሉ፤ ይህም ስህተት ነው። ግራይንደር ቀጭኑን የስለት ጠርዝ በሰከንዶች ውስጥ ያግለዋል፤ ወደ ሰማያዊ ቀለም የተጠጋ ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ጥንካሬው ቀንሷል። ቀለሙ ተጠርጎ ስለሚሸጥ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ያ ጠርዝ አንድ ሁለት ጊዜ በመሳያ ድንጋይ ሲሳል ይወገዳል። በየጎኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አድርጉት፤ ወረቀት ሳይቀድ መቁረጥ ሲጀምር ይበቃል።

ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር እርጥብ ባሕር ዛፍ መሬት ላይ አጋድሙ፤ ከሥሩ ሌላ ግንድ ይሁን። ተንበርክካችሁ ቁረጡ፤ ያመለጠ ገጀራ አፈር ላይ እንጂ ቅልጥም ላይ እንዳያርፍ። አንዱን ምት ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ አሳርፉ። የምትከፍቱት አፍ ስፋቱ የግንዱን ውፍረት ያህል ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ገጀራው ይያዝና ጥፋቱ ያለ አግባብ በብረቱ ይመካኛል። አፉ ሰፊ ሆኖም በየምቱ ከተቀረቀረ የስለቱ ጎኖች ከመጠን በላይ ጠፍጣፋ ናቸው። ሳይጠልቅ ከነጠረ ደግሞ ከጠርዙ ጀርባ ያለው ብረት ወፍራም ነው፤ በሞረድ ይቀነሳል።

ከዚያ አንጓ ያለበት፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ደረቅ ወይራ አምጡና 100 ጊዜ ምቱ። ስትጨርሱ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። ጥሩ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የሚያብለጨልጭ መስመር ካለ እዚያ ላይ ዶልዱሟል ወይም ታጥፏል። ጥጥ በስለቱ ላይ ስትስቡ ክር ከያዘ ተሸርፏል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከታየ ብረቱን አትኮንኑ። ማዕዘኑን በ2 ወይም 3 ዲግሪ አደንድኑና ድገሙት። ሦስት ጊዜ ተስሎም እዚያው ከተበላሸ ጥፋቱ ብረቱ በእሳት የጠነከረበትና የለዘበበት አሠራር ነው።

«ከባሌስትራ ስለተሠራ አይሰበርም።» ይህን ከማንም በላይ የሚደጋግሙት ሻጮች ናቸው። ባሌስትራ (የመኪና ክብደት ተሸካሚ ተጣጣፊ ብረት) ብዙ ጊዜ 5160 በሚል ቁጥር እንደሚታወቀው ዓይነት ብረት ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ሆኖ ክሮም ተጨምሮበታል፤ ለገጀራ እጅግ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ቀጥቃጩ እሳት ውስጥ በከተተው ቅጽበት ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው በቀጥቃጩ እጅ ነው። 770 ዲግሪ አካባቢ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ አልፎ ወደ 830 ሲደርስ ሞቅ ባለ ዘይት ይነከራል፤ ከዚያም ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ያህል ይለዝባል። ይህን ብረት ውሃ ውስጥ መንከር ሊሰነጥቀው ይችላል። ሌላው ችግር አሮጌ ባሌስትራ ለዓመታት ሲተጣጠፍ የኖረ መሆኑ ነው፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ገጀራውን አጽድታችሁ ነጭ ጋዝ ቀቡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በደንብ ጥረጉና የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል።

ድምፁ ስለ ጥንካሬ አይናገርም፤ የሚወስኑት የብረቱ ቅርጽና ውፍረት ናቸው። ድፍን ያለ ድምፅ የላላ እጀታ ወይም ስንጥቅ ሊጠቁም ይችላል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

«ስለሚተጣጠፍ ለስላሳ ብረት ነው» የሚለውም እንዲሁ። የጠነከረም ያልጠነከረም ብረት ለመጉበጥ የሚያሳየው እምቢታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ውፍረት ነው። 6 ሚሊ ሜትሩ ከ3 ሚሊ ሜትሩ ስምንት እጥፍ ግትር ነው። የጥንካሬ ልዩነት የሚታየው ጎብጦ መመለስ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። የአሜሪካን ብሌድስሚዝ ሶሳይቲ (የአሜሪካ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር) ተፈታኝ ቀጥቃጮች ቢላቸውን ሞርሳ ላይ 90 ዲግሪ ሲያጥፉ ያየ ሰው «የእኔም ይታጠፍ» ይላል። ያ ቢላ ለፈተናው ብቻ ተሠርቶ የሚጠፋ ነው። ከዚያ በፊትም የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ቆርጧል፣ ጣውላ ሁለት ጊዜ ቆርጧል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላም ፀጉር ላጭቷል። የሚፈተነው የሠሪው ሙያ ነው፤ ልትሠሩበት የገዛችሁትን ገጀራ አትጠፉት።

ከባድ ገጀራ የተሻለ ይቆርጣል የሚለው በግማሽ ልክ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምት ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን ክንድ ያዘገየው ክብደት ጥቅሙን መልሶ ይበላዋል።

እጀታውን ማንም አይፈትነውም። ያለ ጓንት 20 ደቂቃ ቁረጡበትና መዳፋችሁ የቀላበትን ቦታ እዩ፤ እዚያ ጋ በሞረድ ይጠረብ። ስለቱን ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ላይ እያሳረፋችሁ እጃችሁ ከነዘረ ምቱን ጥቂት ወደ እጀታው አቅርቡ፤ ንዝረቱ የሚጠፋበት ቦታ አለ። ከዚያ ሪቬቶቹን (እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙትን ችንካሮች) በጣት እየነካችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ እንኳ ከተነቃነቀ ቢላው ወደ ሥራ አይውጣ።