ወታደሩ ውጭ አገር፣ አድራሻው ግን አሜሪካ?

ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆነው ጅቡቲ ወይም ጀርመን ሲመደቡ፣ የሚሰጥዎ አድራሻ ግራ ያጋባል። ከተማም አገርም የለውም። በከተማው ቦታ «ኤፒኦ» (የምድር ጦርና የአየር ኃይል ፖስታ ቤት) ወይም «ኤፍፒኦ» (የባሕር ኃይል) ይላል። በስቴቱ ቦታ ደግሞ ሁለት ፊደል አለ፦ «ኤኢ» ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ፣ «ኤፒ» ለፓስፊክ፣ «ኤኤ» ለላቲን አሜሪካና አካባቢው። ከዚያ ዚፕ ኮድ (የፖስታ መለያ ቁጥር) ይከተላል። የኤኢው በ09 ይጀምራል።

እባክዎ፣ «እንዳይጠፋ» ብለው የአገሩን ስም አይጨምሩ! ከጻፉት ዕቃው ወደዚያ አገር መደበኛ ፖስታ ሊገባና መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። እንዳለ ሲተዉት ግን የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተቀብሎ ለጦሩ የፖስታ አገልግሎት ያስረክበዋል። የሚከፍሉትም የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋጋው የአገር ውስጥ ቢሆንም ጥቅሉ ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ የጉምሩክ ቅጽ አይቀርም። «ስጦታ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «2 ጥንድ ካልሲ፣ 1 መጽሐፍ» ተብሎ ይዘርዘር። ክልከላው እንደ ዚፕ ኮዱ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ የአሳማ ሥጋ ወይም ሲጋራ አይገባም። ካርቶኑን ከማሸግዎ በፊት ፖስታ ቤቱን ይጠይቁ።

የወታደሩ ሙሉ ስም የግድ ነው። «ለማንኛውም ወታደር» ተብሎ የሚላክ ፖስታ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለደኅንነት ሲባል ቆሟል።