የእንቅርት «ግሬድ» ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ከጤና ጣቢያ ወይም ከክሊኒክ በሚወጣ ወረቀት ላይ «እንቅርት፣ ግሬድ 2» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የበሽታው ክፋት መለኪያ አድርጎ ይወስደዋል። ግሬድ የሚናገረው ግን ስለ መጠን ብቻ ነው። እንቅርት የሚባለው ያደገ የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ግሬዱ ዕጢው ሆርሞን ማብዛት ማሳነሱን፣ በውስጡ ያለው ጓል (የተቋጠረ እብጠት) ካንሰር መሆን አለመሆኑን አይነግረንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጠቀምበት አመዳደብ ሦስት ደረጃ አለው። ግሬድ 0 የማይታይና በዳሰሳ ያደገ ሆኖ የማይገኝ ነው። ግሬድ 1 በእጅ ይገኛል፣ አንገት በተለመደው አኳኋን ላይ እያለ ግን አይታይም። ግሬድ 2 አንገት ሳይንጋለል በዓይን ይታያል፣ ሲዳሰስም ማደጉ ይረጋገጣል። የቀድሞው አመዳደብ ግሬድ 1ን ለሁለት ይከፍል ነበር፤ ከሩቅ ለሚታየው ትልቅ እንቅርት ደግሞ ግሬድ 3 ነበረው። አንዱ ወረቀት «3»፣ ሌላው «2» ካለ እንቅርቱ ቀንሷል ከማለት በፊት በየትኛው እንደተለካ መጠየቅ ይገባል።

ምርመራው ቀላል ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታካሚዋ በደንብ ብርሃን ባለበት ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን ታወርዳለች፣ ማተብ ካሰረች ወደ ጎን ገለል ማድረግ ይበቃል። መጀመሪያ ሳይነኩ ማየት ነው። ቀጥሎ ውኃ ተጎንጭታ እንድትውጥ ማድረግ፤ ታይሮይድ ከአየር ቧንቧው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስትውጥ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ያበጠ ንፍፊት ግን አይከተልም። መሐል ላይ ያለ እብጠት ምላስ ሲወጣም ከፍ ካለ፣ ሌላ ዓይነት የውኃ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ቀደምቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ነው፣ እንቅርት ከማንቁርት በታች።

ለዳሰሳ አገጭ በትንሹ ዝቅ ይላል፤ የአንገት ጡንቻ የሚላላው ያኔ ነው። እያንዳንዱ የዕጢው ክንፍ የሚነጻጸረው ከአውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ጋር ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አድጓል ይባላል። ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ የተመርማሪው እንጂ የመርማሪው አይደለም። የ7 ዓመት ልጅ ዕጢ በአዋቂ ጣት ከተለካ እንቅርቱ ሳይቆጠር ያልፋል። በተቃራኒው ቀጭንና ረዥም አንገት ወደ ኋላ ሲንጋለል ጤነኛው ዕጢ ራሱ ብቅ ስለሚል ያልነበረ እንቅርት ይመዘገባል።

ደረት አጥንት ሥር የወረደ እንቅርት ከግሬዱ ውጭ ነው። ሁለቱ ክንዶች ከራስ በላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተነሥተው ሲቆዩ ፊት ከቀላ፣ የአንገት ደም ሥር ከተገተረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ የደረት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

ግሬድ 0ን ከ1 በእጅ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ የተሻለው ዳኛ አልትራሳውንድ ነው። የአንዱ ክንፍ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሴንቲሜትር እርስ በርስ ይባዛና ውጤቱ በ0.479 ይባዛል። 5 × 2 × 1.8 የሆነ ክንፍ 8.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ሌላው 4.5 × 1.8 × 1.6 ከሆነ 6.2፣ ድምሩ 14.8። ለአዋቂ ሴት እስከ 18፣ ለወንድ እስከ 25 ሚሊ ሊትር ድረስ እንደ ጤናማ ይወሰዳል። አንዳንድ ባለሙያ በ0.52 ስለሚያባዛ ዕድገትን ለመከታተል ሁልጊዜ በአንድ ቀመር መለካት ይሻላል።

የሆርሞኑን ጥያቄ የሚመልሰው የደም ምርመራ ነው፤ የሚጀመረው ታይሮይድን በሚያዝዘው ሆርሞን፣ በቲኤስኤች ነው። የጓሉን ጥያቄ የሚመልሰው ቲራድስ የሚባለው ከ1 እስከ 5 ያለው የአልትራሳውንድ ደረጃ ሲሆን፣ 5 በጣም አጠራጣሪው ነው፤ በመርፌ ናሙና መውሰድ የሚወሰነው ደረጃውና የጓሉ መጠን አንድ ላይ ታይተው ነው። ስለዚህ «ግሬድ 2» እና «ቲራድስ 2» ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ድምፅ መጎርነን፣ ጠንካራና በፍጥነት የሚያድግ እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ካለ ግሬዱ ትንሽ ነው ተብሎ ቀጠሮ አይራዘምም።

የአንድ አካባቢ የእንቅርት ሁኔታ የሚለካው ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። ግሬድ 1 እና 2 ተደምረው 5 በመቶ ከደረሱ የሕዝብ ጤና ችግር ነው፤ ከ20 በመቶ ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ30 በመቶ ጀምሮ ከባድ ይባላል። በአንድ አካባቢ እንቅርት ሲበዛ ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነው። ጣና ዳር «እኛ ዓሣ እንበላለን» የሚል መተማመኛ እንሰማለን፤ አዮዲን የሚበዛው ግን በባሕር ዓሣ ነው። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ በመሆኑ ቀረሶውም አምባዛውም አዮዲን ያለውን ጨው አይተኩም። ጨዉ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ አዮዲን በእርጥበትና በሙቀት ይባክናል።