ሃንታቫይረስ ምንድን ነው?

ሃንታቫይረስ አይጦች ተሸክመውት የሚኖሩት፣ ወደ ሰው ሲሻገር ሳንባን ወይም ኩላሊትን የሚጎዳ የቫይረስ ቤተሰብ ነው። አይጧ ራሷ አትታመምም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሽንቷ፣ በዓይነ ምድሯና በምራቋ ታወጣዋለች። በኮሪያ ጦርነት ወቅት ወደ 3,000 የሚጠጉ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ምክንያቱ ባልታወቀ ትኩሳትና የኩላሊት ሕመም ወድቀው ነበር። ቫይረሱ ከሜዳ አይጥ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ሳንባን የሚያጠቃው ዓይነት ተገኘ።

ብዙ ሰው ንክሻን ይፈራል፤ በንክሻ መያዝ ግን እምብዛም ነው። ዋናው መንገድ ትንፋሽ ነው። ተዘግቶ የከረመ መጋዘን ሲጠረግ፣ በሽንትና በዓይነ ምድር የተበከለው አቧራ ይቦናል፤ የሚጠርገውም ሰው ይስበዋል። ስለዚህ መጥረጊያም ሆነ የአቧራ መሳቢያ ማሽን አይነካም።

በርና መስኮት ከፍተው ለ30 ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ። ከዚያ የጎማ ጓንት አድርገው 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበጥብጡ፤ ያደረ ብጥብጥ ኃይሉ ስለሚቀንስ በዕለቱ ያዘጋጁ። የቆሸሸውን ቦታ አቧራ እንዳይነሳ በቀስታ፣ እስኪርስ ድረስ ይርጩት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ረጭተው ወዲያው ይወለውላሉ። በረኪናው ቫይረሱን ለመግደል ቢያንስ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በሚጣል ወረቀት ያንሱት፣ በድርብ ፌስታል ያስሩት፣ ጓንቱን ሳያወልቁ ይታጠቡ፣ አውልቀው ደግሞ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ትንሽ አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስለምትሾልክ፣ ክፍተቱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይድፈኑት፤ ጨርቅማ ቦርቡራ ትገባለች።

ምልክቱ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ትኩሳት፣ ድካም፣ የጭን፣ የዳሌና የጀርባ ጡንቻ ሕመም ስለሚቀድም ከጉንፋን ጋር ይምታታል። በሳንባው ዓይነት ከ4 እስከ 10 ቀን በኋላ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይከተላል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ሳንባን ይሞሉታል። እዚህ ከደረሱት ሕሙማን ከ10ሩ 4 ያህሉ ይሞታሉ። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠው በደቡብ አሜሪካ ያለው የአንዲስ ዓይነት ብቻ ነው።

ለሳንባው ዓይነት የተረጋገጠ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን ክትትል ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲበዛ ወደ ሳንባ ስለሚፈስ፣ ሐኪሙ መጠኑን እንዲጠነቀቅ፣ ባለፉት 2 ወራት አይጥ ያለበት ቦታ ያጸዳ ሰው ትኩሳት ከያዘው ይህንኑ ለሐኪሙ ገና ሲገባ ይንገር።