የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሐዋሳና በዙሪያዋ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ የሚከፍሉበትና በዓመቱ ውስጥ የታመመ ሰው ከጋራው ገንዘብ የሚታከምበት ሥርዓት ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የመድን ኩባንያ ሳይሆን የወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ነው፤ የሕክምና ሂሳብ ከመዋጮው ሲበልጥም ዕዳው የሚያርፈው በዚያው በአስተዳደሩ ላይ ነው።

ይህ ሥርዓት ከመጀመሩ በፊት በሲዳማም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ የሚገኘው ከብት በመሸጥ፣ ከዘመድ በመበደር ወይም እህልና ቡና ቀድሞ በመሸጥ ነበር። እድር የነበረ ቢሆንም በአብዛኛው ቀባሪ እንጂ አሳካሚ አልነበረም።

መንግሥት የጤና መድን ስትራቴጂ ያዘጋጀው እንደ ጋናና ሩዋንዳ ያሉ አገሮችን ልምድ አይቶ በ2000 ዓ.ም. ነው። ስትራቴጂው ሕዝቡን ለሁለት ይከፍላል። ደመወዝተኛው በማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሥር ሆኖ ከደመወዙ 3 በመቶ እንዲያዋጣ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲጨምር ታሰበ። ገበሬው፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፉ ታቀፈ። የመጀመሪያው ለዓመታት ወረቀት ላይ ሲቆይ ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከትግራይ፣ ከአማራና ከኦሮሚያ ወረዳዎች ጋር ከያኔው ደቡብ ክልል ሦስት ተመረጡ፤ ዳሞት ወይዴ፣ ዳምቦያና የይርጋለም ከተማ።

ይርጋለም ከሐዋሳ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረች፣ ዕድሜ ጠገብ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ዛሬ ሁሉም አስተዳደር የራሱ ያደረገው አሠራር በሲዳማ ምድር የተፈተነው በእርሷ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በሙከራው ጊዜ የተተከሉት ደንቦች እስከ ዛሬ የሥርዓቱ አጥንት ናቸው። ወደ ሥርዓቱ ለመግባት ቀበሌው በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይቶ በአብላጫ ድምፅ ይወስናል። ምዝገባው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ አባወራው ጤነኞቹን ቤት ትቶ የታመመችውን እናቱን ብቻ ማስመዝገብ አይችልም። ያለዚህ ደንብ አባሉ ሁሉ ታማሚ ሆኖ ቋቱ፣ ማለትም የጋራው ገንዘብ፣ በዓመቱ ባዶ ይሆን ነበር። በሙከራው ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ የሚሆን ድጎማ ይጨምር ነበር፤ መክፈል የማይችሉ ድሆችን መዋጮ ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይሸፍናሉ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በ13ቱ ወረዳዎች መመዝገብ ከሚችሉት ቤተሰቦች 52 በመቶው አባል ሆነው ነበር። ለፈቃድ ሥራ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። አባላቱም ካልተመዘገቡት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ቶሎ ቶሎ መሄድ ጀመሩ።

ቀጥሎ ሥርዓቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ፤ ሲዳማም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም መቀመጫው ሆነች።

አሠራሩ በወረቀት የተሞላ ነው። በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ገበሬ ሲታመም ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን፣ የዘመኑ እድሳት የታየበትን የአባልነት ደብተር ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርድ ክፍሉ ስሙንና ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ገንዘብ አይጠየቅም። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተጽፎለት ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግማሹን ከኪሱ እንዲከፍል የሚያደርግ ደንብ አለ። የጤና ተቋሙ በየሩብ ዓመቱ ሂሳቡን አጠናቅሮ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ እዚያ ያለው የሕክምና ኦዲት ባለሙያ የተጻፈው ምርመራ፣ የታዘዘው መድኃኒትና ዋጋው መጣጣማቸውን በየወረቀቱ ካላየ ክፍያው አይለቀቅም። የውበት ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

ብዙ ቅሬታ የሚነሣው በመድኃኒት ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ «ከውጭ ግዛ» የሚል ማዘዣ ሲሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ለማደስ ያመነታል፤ ይህ ጥርጥር የለውም። አባልነት ከመነሻው በፈቃድ ሆኖ ቢጀመርም አንዳንድ ቀበሌዎች ሌላ አገልግሎት ለመስጠት የመድን ደረሰኝ ይጠይቃሉ ተብሎ ይነገራል። በመዋጮ መሰብሰቢያ ወራት የሚታየው ጥድፊያ ለዚህ ወሬ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም።

ከባዱ ጥያቄ የቋቱ መጠን ነው። ሐዋሳ በመንግሥት ሠራተኛ የተሞላች ከተማ ብትሆንም ደመወዝተኛው በዚህ ቋት ውስጥ የለም፤ ቋሚ ገቢ ያለው ወጥቶ ገቢው ከዝናብና ከቡና ዋጋ ጋር የሚዋዥቀው ብቻውን ይሸከማል። በዚያ ላይ የዙሪያው ወረዳዎች ከባድ ሕሙማን የሚላኩት ወደ ሐዋሳ ሆስፒታሎች ስለሆነ፣ ጥቂት ሺህ አባላት ያሉት ወረዳ በጥቂት ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ሂሳቡ ሊናጋ ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ቋቶችን ወደ ዞንና ወደ ክልል አሳድጎ የማዋሃድ ሐሳብ ቀርቧል። ዕዳ የተቆለለበት ወረዳ ውሕደቱን ይወደዋል፤ ተቀማጭ ያለው ግን የራሱ ገበሬዎች ያዋጡት ብር የጎረቤቱን ጉድለት እንዳይሞላበት ይሰጋል። እስኪዋሃዱ ድረስ እያንዳንዱ ወረዳ ከየሆስፒታሉ ጋር ለየብቻው ውል ይገባል፤ ውሉ ካልታደሰ ደብተሩ የታደሰለት ታማሚም ካርድ ክፍሉ ደርሶ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል።