«ውጥን ጨራሽ ያርግሽ» ለምትሉኝ

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ሶፋው ጥግ ያለውን ቅርጫቴን ያያል። አራት ጥልፍ አለበት። አራቱም አላለቁም። ወዲያው «ውጥን ጨራሽ ያርግሽ!» ይለኛል። ምርቃቱን እወደዋለሁ፤ የሚባልበት ድምፅ ግን ወቀሳ ነው። «አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን ምን አስጀመረሽ?» ለማለት ነው። ይሄንኑ ነገር ጥልፍ ከማስተምራቸው ልጆችም ከእናቶቻቸውም ለዓመታት ሰምቻለሁ። ዛሬ ልመልስ።

ለበዓል ዶሮ ስትሠሩ ሽንኩርቱ እስኪበስል እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትጠብቃላችሁ? አትጠብቁም። ዶሮውን ታጥባላችሁ፣ እንቁላሉን ትቀቅላላችሁ። ጥልፍም እንደዚያው ነው። ሁሉም ጥልፍ አንድ ዓይነት ሥራ አይደለማ!

ቅርጫቴ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። አንደኛው የእህቴ ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ ያለው መስቀል ቀድሞ ተነድፏል፤ የእኔ ሥራ መስመሩን በሰንሰለት ስፌት መከተል ነው። ቡና እየተፈላ፣ እያወራሁ እጠልፈዋለሁ። ሁለተኛው ክሮስ ስቲች ነው፤ ሁለት ክር እየተሻገረ በትንንሽ የX ቅርጽ የሚሠራ ስፌት። እዚህ ጨርቁ ላይ ምንም ንድፍ የለም። በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ጨርቅ ነው፣ ከወረቀት ላይ እየቆጠርኩ ነው የምሠራው፣ አንድ ካሬ ከሳትኩ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ጠዋት፣ መስኮት ሥር፣ ማንም ሳያናግረኝ ብቻ። ሦስተኛው ሃርዳንገር የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኖርዌይ ነው፣ ጨርቁን የላከችልኝም ኦስሎ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ነጭ በነጭ ነው። መጀመሪያ ዙሪያው በጥልፍ ይያዛል፣ ከዚያ መሐል ያለው የጨርቁ ክር በመቀስ እየተቆረጠ ይወጣል። የተሳሳተ ክር ከቆረጣችሁ አለቀ። መቀሱን የማነሳው እንቅልፍ የጠገብኩ ቀን ነው። አራተኛው ሳሺኮ፤ ጃፓኖች ያረጀ የሥራ ልብስ ለማጠንከር ይሠሩት የነበረ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ገባ ወጣ የሚል ስፌት። ማታ ደክሞኝ ስገባ የምይዘው እሱን ነው።

ያለፈው ክረምት ምክራችሁን ሰምቼ ሦስቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ክሮስ ስቲቹን ብቻ ያዝኩ። ሌላ የምነካው ስላልነበረኝ ማታም በአምፖል እሱኑ ሠራሁ። አንድ ምሽት ላይ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር አልገጥም አለ። ወደ ኋላ ስቆጥር ከሦስት ቀን በፊት አንድ ካሬ ዘልያለሁ። የሦስት ምሽት ሥራ፣ ክር በክር ፈታሁት። አንድ ተማሪዬ ደግሞ «የጠረጴዛ ልብሱን ሳትጨርሺ ሌላ ክር እንዳልገዛ» ተብላ ዓመት ሙሉ መርፌ አልነካችም። ትንሽ ሳሺኮ ሰጠኋት። ሁለቱንም ጨረሰች።

ይሄ ማለት ግን ያገኛችሁትን ሁሉ ጀምሩ ማለት አይደለም። የእኔ ደንብ አንድ ናት፦ አንድ ዓይነት ብርሃንና አንድ ዓይነት ሐሳብ የሚፈልጉ ሁለት ሥራዎች አብሬ አልይዝም። ሁለት ክሮስ ስቲች ባንዴ? በፍጹም።

«ስልት ከቀላቀልሽ እጅሽ ይበላሻል» የሚባለውም ልክ አይደለም። እጅ አይበላሽም፤ የሚቀላቀለው ዕቃው ነው። ለክሮስ ስቲችና ለሃርዳንገር ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ ነው የሚያስፈልገው፤ ለቀሚስ ሹል። ሹሉን ወደ ቆጠራው ሥራ ካመጣችሁት የጨርቁን ክር ይሰነጥቀዋል። (የመርፌ ቁጥር ከፍ ሲል መርፌው ይቀጥናል፤ ስትገዙ እንዳትሳሳቱ።) እባካችሁ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቦርሳ ይኑረው። ቦርሳው ውስጥ መርፌው፣ ክሩና አንድ ቁራጭ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የክሩን ቀለም ቁጥር፣ የጥልፍ ክሩ ከተሠራባቸው 6 ቀጫጭን ክሮች ስንቱን እንደተጠቀማችሁና የክሮስ ስቲቹ የላይኛው ክር ወደየት እንደሚያጋድል ጻፉ። አንዷ ተማሪዬ ይህን ሳትጽፍ ቀርታ ከፋሲካ በኋላ በተቃራኒው ቀጠለች። ቀለሙ ያው፣ ክሩ ያው፤ ግን ብርሃን ሲያርፍበት የአበባው ግማሽ ሌላ ሆኖ ይታያል። እጃችሁ ጥብቀቱን እንዲያስታውስ ደግሞ ከመቀጠላችሁ በፊት ብጣሽ ጨርቅ ላይ ሁለት መስመር ስፉ።

ሌላም የምሰማው አለ። «ነገ ስለምቀጥለው መወጠሪያው ላይ ይደር።» ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክብ ላይ ማለታችሁ ነው። አይደር! ነገ የተባለው ወር ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ ነጭ የትራስ ልብስ ክረምቱን ሙሉ ተወጥሮ ትቼው ክቡ ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ ሦስቴ ታጥቦም አልለቀቀም። መርፌም ጨርቅ ላይ ተሰክቶ አይቆይም፣ ይዝጋል።

«ውድ ክር ቀለም አይለቅም።» ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ውዱንም አትመኑት፣ በተለይ ነጭ ሸማ ላይ። ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ክር አርጥቡና ነጭ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ ተጫኑት። ከተጠለፈ በኋላ ከለቀቀባችሁ ደግሞ እንዳይደርቅ፤ ውኃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሙ፣ ካውያውን አታስጠጉት።

«ጥለቱን የጠለፍሽው አንቺ ነሽ?» ጥለት ሸማኔው እዚያው ሲሸምን የሚያወጣው ነው። ጥልፍ በመርፌ ነው።

«የሴት ሥራ ነው።» ሽሮ ሜዳ ሂዱና ጥልፍ ማሽን ላይ የተቀመጡትን ወንዶች እዩ።

«ጀርባው እንደ ፊቱ መሆን አለበት።» ለልብስ፣ ቆዳ ስለሚነካ፣ አዎ ይጽዳ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ግን ማንም አያየውም።

«ጥልፍ ያመጡልን ፈረንጆች ናቸው።» ይሄ ያናድደኛል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የወሰዱት የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። የጥጥ ቀሚስ ነው፣ በሐር ክር የተጠለፈ። ፎቶውን ፈልጋችሁ አጉልታችሁ እዩት።

የእህቴ ልጅ ቀሚስ ለጥምቀት ይደርሳል ወይ ላላችሁኝ፣ ደረቱ ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ የሚቀረው አንድ እጅጌ ነው።