«ጎደለ ጎደለ ቢሉ፣ የጎደለው ብልሃት ነው»፦ አንድ ፊደል ሲፋቅ የተገለበጠ የጃፓን አባባል

አባባሉ በጃፓንኛ «ታራኑ ታራኑ ዋ ኩፉ ጋ ታራኑ» ይባላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ጎደለኝ፣ አነሰኝ እያልክ አታማርር፤ ያነሰህ ዘዴ ነው ማለት ነው። ሩዝ ካነሰ አበሳሰሉን ዘይድ። ልብስ ካለቀ አሮጌውን ፈትተህ ስፋ።

ሲሰሙት የአያት ምክር ይመስላል። ግን የጦርነት መፈክር ነው፣ የተወለደበትም ዓመት ይታወቃል፦ 1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የከፈተችበት አንደኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ሕዝቡን ለጦርነቱ ለማሰለፍ የተቋቋመው ታይሴይ ዮኩሳንካይ የሚባል ድርጅት ከትልልቅ ጋዜጦች ጋር ሆኖ የመፈክር ውድድር አወጣ። ከ300,000 በላይ መፈክር ተላከ፣ ይሄኛው ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሆነ። ሌላው አሸናፊ «እስክናሸንፍ ድረስ አያምረንም» የሚል ነበር። የ11 ዓመት ተማሪ ልጅ ጻፈችው ተብሎ አገር ምድሩን አዳረሰ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን አባቷ በስሟ እንደላከው ታወቀ።

እንግዲህ «ብልሃት» የተባለው ምን እንደነበር ካላየን አባባሉ አይገባንም። ከ1941 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች ሩዝ በራሽን ሆነ፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 330 ግራም ገደማ። ለኛ ብዙ ሊመስል ይችላል፤ ወጡ፣ ሥጋው፣ ዘይቱ ሲጠፋና ቀኑን ሙሉ የሚበላው እሱው ብቻ ሲሆን ግን ትንሽ ነው። ቆይቶ ደግሞ በሩዙ ፋንታ ስኳር ድንችና አኩሪ አተር ይሰፈር ጀመር። ሴቶች ያልተፈተገውን ሩዝ ቆልተው፣ ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ አብጦ ብዙ እንዲመስል አድርገው እንዲቀቅሉት ተመከሩ። ይሄን ምግብ በጥንታዊው ጦረኛ በኩሱኖኪ ማሳሺጌ ስም ጠሩት። ድስቱን ይሞላል፣ ሆድን ግን አይሞላም፣ ጣዕሙንም ብዙዎች አልወደዱትም። የብረት ካውያው ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ የሸክላ ካውያ ተሠራ። ለልብስ ነጥብ ተመደበ፦ ለከተማ ሰው በዓመት 100 ነጥብ፣ አንድ ሙሉ ሱፍ ብቻውን 50 ይበላል። ሴቶቹም አሮጌ ኪሞኗቸውን ፈትተው ሞንፔ የሚሉትን ሰፊ ሱሪ ሰፉበት። እነዚህ ሴቶች ብልሃት ጎደላቸው? እኔ በጭራሽ አልልም። ከነሱ በላይ ማን ዘየደ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ኩፉ» ማለትም ብልሃት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትርጉም ባላቸው በሁለት ፊደል ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛው ብቻውን ሲቆም ባል ማለት ነው። መፈክሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንድ ሰው ማንም ሳያየው ቀርቦ የመጀመሪያዋን ፊደል ፋቃት። በማግስቱ የሚያልፍ ሁሉ የሚያነበው ሌላ ሆነ፦

«ጎደለ ጎደለ ቢሉ፣ የጎደለው ባል ነው።»

አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ፍቆ ብቻ! እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ይሄን ለማድነቅ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ባሎቹ በእርግጥም ጎድለዋል። ቀይ ወረቀት የሚሉት የምልመላ ጥሪ ቤት ይመጣል፣ ሰውየውም ይሄዳል። ሚስት ወይም እናት ነጭ ጨርቅ ይዛ ጎዳና ላይ ትቆምና የምታልፈውን ሴት ሁሉ አንዳንድ የክር ቋጠሮ እንድታስርላት ትለምናለች፣ 1,000 ቋጠሮ እስኪሞላ። ዓመቶች በእንስሳ ስም በሚጠሩበት አቆጣጠር በነብር ዓመት የተወለደች ሴት ግን በዕድሜዋ ልክ ማሰር ይፈቀድላታል፤ ነብር ሩቅ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን። ዘማቹ ጨርቁን ወገቡ ላይ ይታጠቀዋል። ያቺ ሴት ከመንገድ ስትመለስ ያንን መፈክር ግድግዳ ላይ ስታነብ ምን ይሰማታል ብዬ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ፍቆ መሄድ ደግሞ ቀላል ድፍረት አልነበረም። አሥር ያህል ቤቶች ቶናሪጉሚ በሚባል የጎረቤት ማኅበር ታስረው ነበር። ራሽኑ የሚታደለው በሱ በኩል ነው፣ አፍን መጠበቁም እንዲሁ። ልዩ ፖሊሱ በየግድግዳውና በየሽንት ቤቱ የተጻፈውን እየለቀመ በሪፖርቱ ይመዘግብ ነበር።

ፊደል የተጨመረበትም አለ። በ1940 ክረምት ቶኪዮ ውስጥ 1,500 ሰሌዳ ተተከለ፦ «ዜይታኩ ዋ ቴኪ ዳ»፣ ቅንጦት ጠላት ነው። ሰዎች ከ«ቴኪ» ፊት አንዲት ፊደል ጨመሩና «ሱቴኪ» አደረጉት፦ ቅንጦት ግሩም ነው! ይሄኛው ያስቃል። ለኔ ግን የባሉ ይበልጣል። የቅንጦቱ ምኞት ነው፣ የባሉ ግን በየቤቱ ያለ እውነት ነው።

በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ መፈክሮቹ ከግድግዳ ወረዱ። ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚጠጋ የጃፓን ወታደር ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም።